ውሻው ከመምጣቱ በፊት ሠራተኛችሁን ጠይቃችኋል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። አያት አካባቢ ግቢ ያለው ቤት ተከራይተን እንኖራለን። የ9 ዓመት ወንድ ልጅና የ5 ዓመት ሴት ልጅ አሉን። አማቴም ከእኛ ጋር ናቸው፤ አጥባቂ ጿሚ ናቸው። ሰሞኑን ሰፈሩ ውስጥ ሌባ ስለበዛ ባለቤቴ የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ቡችላ ላምጣ እያለ ነው። ልጆቹ ከአሁኑ ስም አውጥተውለታል። አማቴ ግን ‹ውሻ ቤት ከገባ እኔ እወጣለሁ› ብለዋል። እኔና ባለቤቴ ጠዋት ወጥተን ማታ ነው የምንገባው፤ ቀን ቤት የምትውለው ሠራተኛችን ናት። ውሻ አሳድጌ አላውቅም። ቢመጣ የቤታችን ኑሮ ምን ያህል ይቀየራል? ብንተወው ይሻል ይሆን? ደግሞስ ወንድ ይሻላል ሴት?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ ውስጥ የሁሉም ሰው ሐሳብ አለ። ባለቤትሽ ይፈልጋል፣ ልጆቹ ጓጉተዋል፣ አማትሽ አይፈልጉም። የሠራተኛችሁ ሐሳብ ግን የለም። ውሻ ትወዳለች? ትፈራለች? ተነክሳ ታውቃለች? ማንም የጠየቃት አይመስለኝም። እኔ ደግሞ መልሴን የምጀምረው ከእሷ ነው። ቡችላው ሲመጣ ኑሮዋ ከሥሩ የሚቀየረው የእሷ ነውና። የእናንተ የሚቀየረው ማታና ቅዳሜ እሑድ ነው።

ነገሩን በሰዓት እንየው። የሁለት ወር ቡችላ በቀን አራት ጊዜ ይበላል። ከሦስት ወር በኋላ ሦስት ጊዜ፣ ስድስት ወር ሲሞላው ደግሞ ሁለት ጊዜ ይበቃዋል። ሽንቱን መያዝ አይችልም። ከእንቅልፉ ሲነሳ ይሸናል። በልቶ ሲጨርስ ይሸናል። ሲጫወት ቆይቶ ይሸናል። በቀን 18 ሰዓት ያህል ሊተኛ ይችላል፤ የሚነቃባት ጊዜ ግን ለጥፋት ትበቃዋለች። ጫማ ያኝካል፣ የተሰጣ ልብስ ይጎትታል፣ ማቶቱን ከጀበናው ሥር ይዞ ይሮጣል። እናንተ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ ማታ 12 ሰዓት የላችሁም። ስለዚህ ከአራቱ ምግብ ቢያንስ ሁለቱን የምትሰጠው፣ የሸናበትን የምታጥበው፣ ጫማ የምታስጥለው እሷ ናት። ይኼ ሁሉ ከልብስ ማጠቡ፣ ከእንጀራ መጋገሩ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ከመቀበሉ ላይ ተጨማሪ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ አንድ ጀሪካን ውሃም ሥራ ነው።

ይህን የምለው ለእሷ አዝኜ ብቻ አይደለም። የእንስሳት ሐኪም ነኝና በሙያዬም ያገባኛል። ቡችላ ከሰው ጋር የሚላመድባት ዕድሜ አጭር ናት፤ ከተወለደ ከ3ኛው ሳምንት እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አብሮት የዋለ ሰው እንዴት እንደያዘው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ውሻ የሚፈራ ሰው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ፈርቶ ቡችላውን በእግሩ ይገፋዋል፣ በመጥረጊያ ያባርረዋል። ለሌላው ሁሉ ረጋ ያለ፣ መጥረጊያ ወይም ዱላ የያዘ ሰው ሲያይ ግን ጥርሱን የሚያሳይ ውሻ ክሊኒክ ይመጣል። ባለቤቶቹ «ከየት እንዳመጣው አናውቅም» ይላሉ። ቀን ማን ጋ ነው የሚውለው ስል መልሱ ይገኛል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ቁጭ ብላችሁ አነጋግሯት። ከፈራች ምን ያህል እንደምትፈራ ጠይቋት። እሺ ካለች ሥራ ተጨምሮባታልና ደሞዟ ላይ ጨምሩ። «ትንሽ ፍርፋሪ መጣል ነው» ብላችሁ አታቃልሉባት። እምቢ ካለች ደግሞ ቡችላ አሁን አይሆንም ማለት ነው፤ በግድ ብታስገቡት ከሁለቱ አንዳቸው ይሄዳሉ፣ ብዙ ጊዜ የምትሄደው እሷ ናት።

ባለቤትሽን ለብቻው አንድ ነገር ጠይቂው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ማነው የሚነሳው? ቡችላ ጎህ ሲቀድ ይነሳል፤ እሑድም፣ ሲዘንብም፣ ማታ አምሽታችሁ በገባችሁበት ቀንም። ውሻው የእሱ ሐሳብ ከሆነ የጠዋቱ 12 ሰዓት የእሱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከዓመት ፈቃዱ ላይ ቢወስድማ እሰየው። የ9 ዓመት ልጃችሁ ውሃ መቅዳት፣ ሳህን ማጠብ፣ ማታ አብሮ መጫወት ይችላል። ኃላፊነቱን ግን ለእሱ አትስጡት። ልጆች «እኔ ነኝ የምንከባከበው» ሲሉ ከልባቸው ነው፤ ወሩ ሲያልቅ ግን ጉጉቱም ያልቃል። ይኼ ጥፋት አይደለም፣ ልጅነት ነው።

አሁን ወደ ሌባው ልምጣ። ቡችላ ሌባ አያስቆምም። ከምር ዘብ የሚሆነው ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው፤ እስከዚያ አጥሩን አጠናክሩ፣ የውጭ መብራት አስገቡ። ሲያድግም ዋናው ጥቅሙ ጩኸቱ እንጂ ንክሻው አይደለም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንዲሉ፣ ግቢው የኔ ነው ብሎ ካመነ ማንም ሳያስተምረው ይጮኻል። ለዚህ የግድ ጀርመን ሼፐርድ አያስፈልግም። የሐበሻ ውሻ ጆሮው ንቁ ነው፣ ብርዱን ይችላል፣ ብዙ አይበላም። የጀርመን ሼፐርድ ወንዱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይደርሳል። ክልስም ቢሆን ወደዚያ ሊጠጋ ይችላል። የ5 ዓመት ልጅሽን በደስታ ብቻ ገፍቶ ይጥላታል።

ብዙ ግቢ ውስጥ ያለው ልማድ ውሻውን ቀን በሰንሰለት አስሮ ማታ መፍታት ነው። «ካልታሰረ ኃይለኛ አይሆንም» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቀኑን ሙሉ የታሰረ ውሻ ጎበዝ ዘብ አይሆንም፤ ፈሪና ግልፍተኛ ይሆናል። መሸሽ ስለማይችል የቀረበውን ሁሉ ይነክሳል። የቀረበው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌባው ሳይሆን ኳሷ ወደ እሱ የተንከባለለችባት ልጅ ናት። ከሰንሰለት ይልቅ በግቢው ጥግ በሽቦ የታጠረ፣ ጥላና ውሃ ያለው ቦታ ሥሩለት። እንግዳ ሲመጣ እዚያ ይገባል፣ ሌላ ጊዜ ግቢው ውስጥ ይፈታል። መኝታው ከመሬት ከፍ ያለ ይሁን፤ ፓሌት ላይ የተሠራ ቀላል የጣውላ ቤት በክረምት ከጭቃውም ከብርዱም ያድነዋል።

አያት አካባቢ ስለምትኖሩ ደግሞ ሌላ ነገር ልጨምር። በእናንተ በኩል ማታ ጅብ ይዞራል። ጅብ ውሻ ይበላል። አጥር ሥር ውሻው ራሱ የቆፈራትን ቀዳዳ ሳታዩ ብትቀሩ፣ «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለው ተረት ግቢያችሁ ውስጥ እውነት ይሆናል። ቡችላው እስኪያድግ ማታ በሚዘጋ የራሱ ቤት ውስጥ ይደር። በሳምንት አንድ ቀን አጥሩን ዙሩት።

ከሁሉ በላይ የሚቀየረው ግን የውጭ በራችሁ ነው። ይህን አስቀድሞ የሚያስብ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። አሁን ጎረቤት በሩን ገፋ አድርጋ «ቡና ደርሷል!» ብላ ትገባለች። ውሻ ሲኖር በሩ ላይ ቆማ «ውሻውን ያዙልኝ!» ብላ ትጮኻለች። አንቺ «አይዞሽ፣ አይነካም» ትያለሽ። እሷ አታምንሽም፤ እውነቷን ነው። ሦስቴ እንዲህ ከሆነች አራተኛውን ትቀራለች። አማትሽን የሚጠይቁ የማኅበር ሰዎች፣ የእድር ገንዘብ የሚሰበስበው ሽማግሌ፣ የቆጣሪ አንባቢው፣ ሁሉም በዚያው በር ነው የሚገባው። መላው ቀላል ነው። በሩ ላይ ደወል ይኑር፣ በሩ ሁልጊዜ ከውስጥ ይቆለፍ፣ እንግዳ ሲመጣ ውሻው ወደ ጥጉ ይግባ። «ኃይለኛ ውሻ ስላለ ይጠንቀቁ» የሚል ጽሑፍም ስቀሉ። ጽሑፉ ግን ከኃላፊነት አያድናችሁም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል፤ ሳያስበው አምልጦት ቢሆን እንኳ። «ተፈትቶ ነው፣ ሳላውቅ ነው» አያዋጣም።

ማዕድ ቤትሽ ውስጥ የሚመጣው ለውጥ ደግሞ ከምትገምቺው በላይ ነው። «የተረፈውን ይበላል» የሚባለውን እርሺው። የእኛ ቤት ትራፊ ምንድነው? ወጥ የነካው እንጀራ። ወጣችን ምንድነው? ሽንኩርት። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቢበስሉም ቢደርቁም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ጉዳት ያደርሳል። ይኼ ማለት 5 ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ይበቃዋል ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ባይበላውም፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲገባ ይጠራቀማል። ዶሮ ወጥ ደግሞ ሁለት አደጋ በአንድ ሳህን ነው። ሽንኩርቱ አንድ፣ አጥንቱ ሁለት። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል፤ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። የፋሲካ ማግስት ክሊኒክ ከሚመጡት ውሾች ብዙዎቹ በዚህ የተጎዱ ናቸው። ቸኮሌትና ዘቢብም አይቅመስ። ለልጆቹ ይህን ንገሪያቸው፤ እነሱ ናቸው በጠረጴዛ ሥር የሚሰጡት።

ታዲያ ምን ይብላ? የታሸገው የውጭ ምግብ አቅም ካለ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ከወር ወር ስለሚለዋወጥ በእሱ ብቻ ተማምናችሁ አትነሱ። ሥጋ ቤት ለውሻ ብለሽ ብትጠይቂ ሳንባና ልፋጭ ይሸጡልሻል። ያን በደንብ ቀቅለሽ፣ ከሩዝ ወይም ከቅንጬ ጋር ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ሽንኩርት አብስይው። ካሮት ወይም ዱባ ጨምሪበት። ቡችላ አጥንቱ እያደገ ስለሆነ ይኼ ብቻውን አይበቃውም፤ ካልሲየም ምን ያህል እንደሚጨመር ሐኪሙ በኪሎው ይነግርሻል። በግምት አትጨምሪ፤ በተለይ ትልቅ የሚሆን ዘር ላይ ሲበዛም አጥንት ያጣምማል።

ከዚያ ጾም ይመጣል። ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንን ነው። ረቡዕና አርብ አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ፍልሰታ አለ፣ ነቢያት አለ። በእነዚህ ቀናት እናንተ ቤት ሥጋ አይገባም፣ የሰፈሩ ሥጋ ቤትም ብዙ ጊዜ ይዘጋል። ውሻ ግን አይጾምም። በየጾሙ በሽሮ ፍትፍት የሚከርም ውሻ አለ። ሽሮውም ሽንኩርት አለው። ሁዳዴ ሲጋመስ ፀጉሩ መርገፍ ይጀምራል፣ ጎድኑ ይቆጠራል። እንቁላል ይሰጠው ብዬ ስመክር «በጾም እንቁላል ቤቴ ውስጥ?» የሚሉ እናቶች አሉ። አልከራከራቸውም።

የሚሠራው ዘዴ ይኼ ነው። ለውሻው የራሱ ድስት፣ የራሱ ማማሰያ፣ የራሱ ሳህን ግዙለት። ድስቱ ማዕድ ቤት አይገባም። ምግቡ ውጭ በከሰል ምድጃ ይበስላል። ከቅበላ በፊት ሳንባውን ገዝታችሁ፣ ቀቅላችሁ፣ በትንንሽ ፌስታል ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። አማትሽ ያ ፌስታል ከምግባቸው ጋር መሆኑ ከከበዳቸው በክዳን በሚገጥም ዕቃ ለይታችሁ ያዙት። መብራት ጠፍቶ ሲቆይ ግን የቀለጠውን መልሳችሁ አታቀዝቅዙት።

አማትሽን በተመለከተ አንድ ምክር አለኝ። አትከራከሯቸው። ውሻ ቤት ውስጥ አይገባም የሚሉት ከእምነታቸውና ካደጉበት ልማድ ተነስተው ነው፤ የእንስሳት ሐኪም በዚህ ላይ የሚለው ነገር የለውም። ደግሞም የእናንተ ውሻ ዘብ ነው፣ ቦታው ግቢ ነው። ደፉ ላይ መስመር አስምሩ። ውሻው ከደፍ አያልፍም፤ አንድም ቀን፣ ልጆቹም ሲለምኑ፣ ሲዘንብም። ውሻ ሕጉ ካልተለዋወጠበት በሁለት ሳምንት ይለምዳል። የሚያስቸግረው አንድ ቀን እየገባ ሌላ ቀን ሲባረር ነው። እንዲህ ያለ ቃል ሲከበርላቸው የሚለዝቡ አዛውንቶች አይቻለሁ። ለሳምንት ያህል «ወግድ!» ሲሉ የከረሙ እናት፣ በኋላ ከራሳቸው ቁርስ ላይ ቆርሰው የሚጥሉለት እሳቸው ብቻ ሆነው ይገኛሉ። አማትሽም እንደዚያ ይሆናሉ ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም።

ስለ ንጽሕናው ደግሞ አማትሽ ግማሽ እውነት አላቸው። ቡችሎች አብዛኛውን ጊዜ ገና ከእናታቸው የወሰዱት ወስፋት ይዘው ነው የሚመጡት። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ አፈር ውስጥ ይቆያል፣ የ5 ዓመት ልጅ ጣቷን ስትልስ ይገባል። ጉበትም ዓይንም ሊጎዳ ይችላል። የሚያድነው ነገር አንድ ነው፤ እንቁላሉ እንደወጣ ወዲያው አያስይዝም፤ ለመብሰል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ዓይነ ምድሩ በየቀኑ ከተነሳ አደጋው በጣም ይቀንሳል። አንድ አካፋ ለዚህ ብቻ መድቡ። ይህን ሥራ ለሠራተኛችሁ አትተዉት፤ ማታ ሲገባ ባለቤትሽ ያንሳው። የወስፋት መድኃኒት ከ2 ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ፣ ሦስት ወር ካለፈው በየወሩ፣ ስድስት ወር ሲሞላው በየሦስት ወሩ ይሰጣል። ልጆቹ ከተጫወቱ በኋላ በሳሙና ይታጠቡ። ቁንጫና መዥገርም አለ፤ የሚቀባው ወይም የሚዋጠው በኪሎው ልክ ይታዘዛል። የከብት መድኃኒት ገዝታችሁ አትቀቡት።

በዓል ላይ በግ ግቢ ውስጥ ታርዳላችሁ? ካረዳችሁ ይህን ልብ በሉ። ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚመስል ነገር ታያላችሁ። አራጁ ያንን ቆርጦ «እንካ» ብሎ ለውሻው ይወረውርለታል። ያ ከረጢት የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል እጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ከበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ሰው ላይ ይደርሳል፤ ሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ደግሞ ያው ከረጢት ይበቅላል። ለዓመታት ምልክት ላይኖረው ይችላል፣ ሲታወቅ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ በዕርዱ ቀን ውሻው ጥጉ ይዘጋበት። ከረጢቱን አቃጥሉት ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ቅበሩት። ለሐኪሙም «ፕራዚኳንተል ያለበት ይሁን» በሉት፤ ሁሉም የወስፋት መድኃኒት ይህን ትል አይገድልም።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ ሳልናገር ባልፍ ሙያዬን መካድ ነው። ምልክቱ አንዴ ሰው ላይ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱ ሰዎች 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ውሻችሁ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ካርዱን ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጡት። ልጆቹን ደግሞ አንድ ነገር አስተምሯቸው፤ ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ፣ የራሳችንም ይሁን የመንገድ፣ አይደበቅም። ልጅ «ውሻውን ይወስዱብኛል» ወይም «እገረፋለሁ» ብሎ ይደብቃል። «ማንም አይቆጣህም» በሉት፣ ቃላችሁንም ጠብቁ። ቁስሉ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠባል። በሰዓት ያዙት፣ 15 ደቂቃ ረጅም ነው። ከዚያ ዕለቱኑ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። ጸበሉም አይከለከልም፣ ግን ከሐኪሙ በኋላ። የሥር መድኃኒት እየጠበቁ ቀናት ማሳለፍ ግን አይሆንም፤ ከተነከሱ በኋላ የሚሰጠው ክትባት የሚያድነው ቶሎ ሲጀመር ነው።

ቤት ውስጥ ለልጆቹ ሕግ ይኑራቸው። ሲበላ አይነካም፣ ሲተኛ አይቀሰቀስም፣ አንገቱ አይታቀፍም። ውሻ ፊቱን ሲያዞር፣ ከንፈሩን ሲልስ፣ ባለበት ደርቆ ሲቆም «ተወኝ» ማለቱ ነው። ቀጥሎ ያጉረመርማል። በማጉረምረሙ አትምቱት። ማጉረምረም የተከለከለ ውሻ ቀጥሎ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚነክሰው። የ5 ዓመቷን ከእሱ ጋር ብቻዋን አትተዉአት፤ የዋህ ነው ቢባልም።

ሌሎቹን ነገሮች ቶሎ ልለፋቸው። መጀመሪያ አከራያችሁን ጠይቁ፤ ውሉ ላይ ባይኖርም። ስትጠይቁም «ከእኛ በፊት የነበሩት ውሻ ነበራቸው? ሞቶባቸው ነበር?» በሉ። ደም የቀላቀለ፣ ሽታው የሚያስጨንቅ ተቅማጥ የሚያመጣ ፓርቮ የሚባል የቡችላ በሽታ አለ። ቫይረሱ መሬት ላይ ለብዙ ወራት ሊቆይ ይችላል። ሲሚንቶውን አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ብታጥቡት ይገድለዋል፤ አፈሩ ላይ ግን በረኪና ብዙም አይሠራም። እንዲህ ያለ ግቢ ከሆነ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ አታምጡበት። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጀምሮ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እስከ 16ኛው ሳምንት ይደገማል።

ለበዓል ጎንደር ወይም ላሊበላ መሄድ ስታስቡ ማን ያበላዋል የሚለው ከአውቶቡስ ትኬቱ እኩል ጥያቄ ይሆናል። ለአዲስ ዓመትና ለመስቀል ርችት ሲተኮስ የሚደነግጥ ውሻ አጥር ዘሎ ይጠፋል፤ ያን ማታ የራሱ የጣውላ ቤት ውስጥ ዝጉበት። ደግሞም ውሻ 10፣ 12 ዓመት ይኖራል። አሁን የ9 ዓመት ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ውሻው ገና አለ። እስከዚያ ስንት ቤት ትቀይራላችሁ? ተከራይ ሆኖ ውሻ ይዞ ቤት መፈለግ ቀላል አይደለም። በየመንገዱ ከምታያቸው ውሾች አንዳንዶቹ ቤት ሲቀየር የቀሩ ናቸው።

ብንተወው ይሻል ይሆን ላልሽው፣ የእኔ ፍርድ ይኼ ነው። ሠራተኛችሁ ከልቧ እሺ ካለች፣ ባለቤትሽ ጠዋቱንና አካፋውን ከወሰደ፣ አከራዩ ከፈቀደ፣ አምጡት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቡችላ አታምጡ። ያኔ፣ አከራዩ ከፈቀደ፣ የተሻለው አማራጭ ዓመት ያለፈው፣ ጠባዩ የታወቀ፣ ከሚያውቁት ሰው የሚገኝ ውሻ ነው። አገር የሚለቅ ሰው ወይም ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ብዙ ጊዜ ለውሻው ሰው ይፈልጋል። ሽንቱን የለመደ፣ ክትባቱን የጨረሰ ውሻ ለሠራተኛችሁም ይቀላል። ከመውሰዳችሁ በፊት ልጆቹንም እሷንም ይዛችሁ ሄዳችሁ እዩት። ቡችላም ከሆነ ክረምቱ ይለፍ። ውጭ ለሚያድር የሁለት ወር ቡችላ የነሐሴ ሌሊት ከባድ ነው።

መንገድ ዳር በካርቶን ከሚሸጡት ከሆነ የምትገዙት ተጠንቀቁ። «ሁለት ወሩ ነው» ይላሉ፣ አምስት ሳምንቱ ይሆናል። አፉን ክፈቱና ጥርሱን እዩ፤ የወተት ጥርሶቹ ሞልተው 28 ካልሆኑ ገና እናቱ ጋ መሆን የነበረበት ነው። ዓይኑ ወይም አፍንጫው የሚፈስ፣ ቂጡ አካባቢ የረጠበ፣ ካርቶኑ ጥግ ተጠቅልሎ የማይነሳ ከሆነ አታንሱት። አዝናችሁ ብትገዙት ሻጩ ነገ ሌላ አምስት ያመጣል።

ወንድ ወይስ ሴት? ሰው ሁሉ ወንድ ይፈልጋል፤ ለዚህም ነው ሴት ቡችሎች በየጥሻው የሚጣሉት። እኔ ለእናንተ ሴት እመርጣለሁ። እንደ ወንዱ ትጮኻለች፣ እንደ እሱ ግን ከግቢ ለመውጣት አትታገልም። ችግሯ ከ6 ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ የሚጀምረው የመፈለጊያ ጊዜዋ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ገደማ ይመጣል፣ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል፣ የሰፈሩ ወንድ ውሻ በሙሉ በራችሁ ላይ ያድራል። ካመለጠቻችሁ በ63 ቀን ገደማ ስድስት ሰባት ቡችላ ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ። ስለዚህ ስትገዟት የማምከኛውን ገንዘብ አብራችሁ አስቡ፤ መቼ እንደሚሠራላት በዘሯና በኪሎዋ እንወስናለን። በመጣች በማግስቱ ክሊኒክ አምጧት። በካርቶን ይዛችሁ ግቡ፣ ተራችሁ እስኪደርስ መሬት አታስነኳት፤ የታመሙት ሁሉ የሚቀመጡት እዚያው ወለል ላይ ነው።